ባቄላ ያከለው ድንኳን

የቁልቁለት ሰፈር ዕድር ድንኳን ባቄላ አክሎ የተገኘው ጋሽ ኪሩቤል ባረፉበት ቀን ጠዋት ነው። የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ኤልዳና ሙዳዩን ከመደርደሪያ አወረደችና ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ሰደደች። የለመደችው ነገር የለም። የለመደችው ሁለት መቶ ሰው የሚያስጠልል፣ ሲታጠፍ ግን እፍኝ የማይሞላ፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚንሸራተት ድንኳን ነበር። አሁን ከሙዳዩ ሥር አንዲት የምታብለጨልጭ ጠጠር ብቻ ኳ አለች። መዳፏ ላይ ገልብጣ አየቻት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች።

«በስመ አብ!» አለች። ሙዳዩን ደፍታ መታ መታ አደረገችው። ሌላ ነገር አልወጣም። ጠጠሯን በጥፍሯ ፋቅ ብታደርጋት ቅርፊቷ እንደ ሽንኩርት ተላጠና ነፋስ ወሰደው። ያኔ ገባት። ድንኳኑ አልጠፋም፣ ሌባም አልወሰደው። ድንጋይ ሆኗል።

ወርካ በር ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ከተማዋ የምትተዳደረው መግፈፊያ በሚሉት ፋብሪካ ነው። ድሮ ከከተማዋ ጀርባ ማይካ የሚሉት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ የሞላበት ጋራ ነበረ። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ የተደራረበ ነው። መግፈፊያው እያንዳንዷን ገጽ ለብቻዋ ያላቅቃታል፤ የተላቀቀችው ቅጠል ትባላለች። አሁን ጋራው የለም። በቦታው ጉድጓድ አለ፤ ጋራውን ቅጠል ቅጠል አድርገው አገር አልብሰውታል። ጣሪያው ቅጠል ነው፣ የውኃ ማጣሪያው ቅጠል ነው፣ ዳቦ የሚጠቀለልበት ቅጠል ነው። የየቤቱ ግድግዳ ደግሞ ዝምታ የሚሉት ቅጠል ነው። ዝምታ ድምፅ ይውጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ሲያድል ሰው ተጋፍቶ ነው የወሰደው፤ ኤልዳናም ተጋፍታለች። የጎረቤት ሕፃን ለቅሶ፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሁሉ ቀረ። ግልግል ነው ተባለ።

ቅጠል ግን ለብቻው መኖር አይወድም። ሁለት ባዶ ቅጠል ከተነካካ ተያይዞ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል በመካከላቸው ገላጋይ የሚባል ነጭ ጨው ይነሰነሳል። ገላጋዩ እስካለ ድረስ ቅጠል ቢታጠፍም ቢዘረጋም ምንም አይሆንም። የሙዳዩ ክዳን ላይም «በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይወልወል፤ ውኃ አይንካው» ተብሎ ተጽፏል።

ታዲያ ማን አጠበው? ሁሉም! ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ካበቃ በኋላ የዕድሩ ሴቶች ተሰብስበው ነው ያጠቡት። በቁልቁለት ሰፈር የአንድ ቤት እንባ የነካው ድንኳን ሳይታጠብ ወደ ሌላ ቤት አይሄድም። ነውር ነው፤ ሟርትም ነው። ክዳኑ የፈለገውን ይበል እንጂ የለቅሶ ዕቃ ሳያጥብ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? በንጹሕ ውኃ አጠቡት፣ ደጋግመው አለቀለቁት፣ ዝናብ ሲመጣባቸው ከነርጥበቱ አጣጥፈው ከተቱት። ኤልዳና ራሷ ክዳኑን ስትገጥም «እሰይ! ንጽሕና ማለት እንዲህ ነው» ብላ ነበር።

ድንኳን የጠፋው በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይሁን ባለች። ጋሽ ኪሩቤል ግን ከግድግዳዋ ወዲያ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሶልያና አብሮ አደጓ ናት፤ በአንድ ጓሮ ተጫውተው፣ በአንድ ዓመት ተድረው፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ አርጅተዋል። የሁለቱን አልጋ የሚለየው ክንድ የማይሞላ ቦታና አንድ ዝምታ ነው። መርዶው ግን ለኤልዳና የደረሳት እንደ ማንኛውም የዕድር አባል በስልክ መልእክት ነበር፤ ያውም ቁርሷን እየበላች። ሮጣ ስትገባ ሶልያና ባሏን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ጮህኩልሽ እኮ ኤልዱ» አለቻት። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «እስኪነጋ እሱን ለቅቄ ስልክ ፍለጋ መሄድ ፈራሁ። ግድግዳሽን በጡጫ መታሁት። በስምሽ ጠራሁሽ። እስኪነጋ ጠራሁሽ።»

ኤልዳና ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ነበር የተኛችው። ጎኗን እንኳ አልቀየረችም። ሶልያና ደግሞ ከነጋ አንድ እንባ አልወጣትም፤ ዓይኗ ደርቆ ግድግዳውን ብቻ ታያለች።

ጋሽ ኪሩቤል በሕይወት ሳሉ የተናዘዙት አንድ ነገር ነበር። «እኔን በነጠላ ዳስ እንዳታለቅሱልኝ» ይሉ ነበር። «ለብቻ የሚለቀስ ለቅሶ ጉንፋን ነው።» ነጠላ ዳስ የሚባለው «ስንብት» የተሰኘ ድርጅት የሚያመጣው ነው። ለቀስተኛ ሁሉ ለየብቻው አንድ ሰው በምትይዝ የቅጠል ዳስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሟች ምስል ይታየዋል፤ ሲበቃው ዳሷ በለሰለሰ ድምፅ ታሰናብተዋለች። ማንም የማንንም እንባ አያይም። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው ይላሉ። የከተማው ደንብም ቁርጥ ያለ ነው፤ ለቀስተኛ ከቀብር ሲመለስ ድንኳን ያልተከለ ዕድር ይፈርሳል፤ ለቅሶው ለስንብት ይሰጣል። የላይ ሰፈር ዕድር እንዲህ ነው የፈረሰው። የወንዝ ማዶውም እንዲሁ። ቁልቁለት ሰፈር ብቻ ቀርታለች።

የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ያብስራ ከዘራቸውን እየነቀነቁ ሲደርሱ ኤልዳና ደጅ ቆማ ነበር።

«ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑስ?»

መዳፏን ዘረጋችላቸው።

ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ድንኳናችን ነው።»

«ኤልዳና፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም።»

«ምነው ቀልድ በሆነልኝ! አጠብነው እኮ ጋሽ ያብስራ። ለክብራቸው ብለን፣ በንጹሕ ውኃ።»

ሰውየው ከዘራቸውን ተደገፉ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ግን የዚያን ቀን የሚያጥቡትን ሴቶች «በርቱ» እያሉ ውኃ ሲያቀብሉ የዋሉት እሳቸው ናቸው። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንብት ከነዳሱ ተነሥቷል። በልጅሽ በኩል ሞክሪ። የኪሩቤልን ቃል በላነው ማለት ነው ካልሆነ።»

ልጅሽ ያሉት የወንድሟን ልጅ ዘነበችን ነው። በኤልዳና ልጅነት ዘነበች የአሮጊት ስም ነበር። ጊዜ ደጉ፣ አሁን የከተማው ወጣት ሁሉ ዘነበች፣ በለጠችና ተሰማ ሆኖ፣ ኤልዳናና ሶልያና የባልቴት ስም ሆነዋል። ዘነበች በመግፈፊያው የገንዳ ክፍል ኃላፊ ናት። ኤልዳና ባቄላዋን በመሐረብ ቋጥራ ሄደች።

የገንዳው አዳራሽ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። መዶሻ የለም፣ እሳት የለም። ድንጋዩ ገላጋይ የሟሟበት ነጣ ያለ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይተኛል፤ ውኃውን እየጠጣ ያብጣል፤ አብጦ አብጦ ገጹ ከገጹ ይላቀቃል። ሠራተኞቹ በገንዳዎቹ መካከል ሲሄዱ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስላሉ። ዘነበች ባቄላዋን በመብራት አየቻት፣ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፣ ከንፈሯን መጠጠች።

«መልሶ ማላቀቅ ይቻላል፣ አክስቴ» አለች። «ችግሩ ጊዜ ነው። ሳይቀደድ ሙሉውን እንዲወጣ በራሱ ጊዜ ማበጥ አለበት። የድንኳን ስፋት ላለው ሁለት ወር ይፈልጋል።»

«ሁለት ወር! ሰውየው ከሰዓት በኋላ ነው የሚቀበሩት። ያ የሚያንቀጠቅጠው ማሽናችሁስ?»

«እሱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጨርስልሻል። ግን ድንኳን አይሰጥሽም፤ ብናኝ ነው የሚሰጥሽ። ቅጠሉን ይሰባብረዋል፤ ለቀለም ነው የሚሆነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ኤልዳና ለራሷ። «ሌላ ድንኳን አበድሩና?»

«እዚህ የሚቀር ቅጠል የለም እኮ። የሚወጣው ሁሉ በዚያው ወደ ወደብ ይጫናል። የቀረን ለስንብት የሚቆረጠው የነጠላ ዳሱ ነው።»

ኤልዳና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለሶልያና ምን ብላ ትመለስ? ሌሊት ጠርተሽኝ አልሰማሁሽም፤ ቀን ደግሞ ድንኳንሽን አጥቤ ድንጋይ አደረግሁት? እንባዋ መጣ። ዘነበች አክስቷን ስታለቅስ አይታ አታውቅም፤ ደንግጣ ውኃ ቀዳችላት።

«ተይ አክስቴ፣ በሞቴ! ሆን ብለሽ አላደረግሽው።»

«እስቲ አሁን በእጄ ፈልቅቄ ባላቅቀውስ?»

ዘነበች ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው አፏን ያዘች። «ገላጋዩ ታጥቦለት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ባዶ ቅጠል ከሁለቱም ይብሳል። እኛ እኮ እዚህ ግቢ ውስጥ ንጹሕ ውኃ እንደ እሳት ነው የምንፈራው። የሁለት ቅጠል ጫፍ ታጥቦ ከተነካካ አበቃ፤ አንድ ቅጠል ነው። የት ጋ እንደተጋጠመ የገጠመው ሰው ራሱ ቢፈልግ አያገኘውም።»

ኤልዳና ወደ አፏ ያደረሰችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠችው። «የትኛውም ቅጠል?»

«የትኛውም።»

«የግድግዳም?»

«የግድግዳም። ዝምታ ግን እንዲያ ከተጋጠመ ዝምታነቱ ያበቃለታል። ድምፅ የሚውጠው ለብቻው ተወጥሮ ሲቆም ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ተራ ቅጠል…» ዘነበች ንግግሯን አቋረጠች። «አክስቴ፣ ምን አስበሽ ነው?»

ኤልዳና መሐረቧን እየቋጠረች ተነሥታ ነበር።

ሰፈር ስትመለስ የስንብት መኪና ቆሟል። አንድ ትሁት ወጣት ሠራተኛ የታጠፉ ዳሶች እያወረደ በሶልያና ደጅ ይደረድራል። ኤልዳና በአጠገቡ አልፋ ቤቷ ገባችና አልጋዋን ከግድግዳው ሳበች። ዝምታው ከፍሬሙ ጋር የተያያዘባቸውን ማያያዣዎች አንድ በአንድ ፈታች። የመጨረሻው ሲለቅ ግድግዳው እንደ አንሶላ ተጣጥፎ እግሯ ሥር ወደቀ። ወዲያ ማዶ ሶልያና ተቀምጣለች። ሁለቱ ሴቶች ከስንት ዓመት በኋላ ከየአልጋቸው አጠገብ ሆነው ፊት ለፊት ተያዩ።

«ምን እያደረግሽ ነው ኤልዱ?»

«ድንኳን እየሠራሁ ነው» አለች ኤልዳና። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ይቅር በይኝ ሶሊ። አልሰማሁሽም። እግዜር ያውቃል አልሰማሁሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ሶልያና።

ኤልዳና ግድግዳዋን ታቅፋ መንገድ ላይ ወጣች። ዕድርተኛው ተሰብስቧል። አልደበቀችም፤ ያሰበችውን ነገረቻቸው። የየቤቱ ግድግዳ ይወርዳል፣ ጠርዝ ጠርዙ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ይጋጠማል። «ግን ልብ በሉ» አለች። «ከተጋጠመ ተመልሶ ግድግዳ አይሆንም። የሰጠ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይሰማል፣ ይሰማበታል።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ የተናገረችው ማክዳ ናት፤ ጥርስ የማታስከድነው የማዕዘኑ ቤት ባለቤት። «ኧረ በሕግ! እኔና ባሌ ስንጣላ ሰፈር ሁሉ ሊሰማን ነው?»

«እናንተ መጣላታችሁን ለማወቅማ ድምፅ መች ያስፈልጋል» አላት አንዱ። «በማግስቱ ፊትሽ ይናገር የለ?» ሳቅ ተሰማ፣ የለቅሶ ቤት ሳቅ፣ ቶሎ የሚጠፋው።

ጋሽ ያብስራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ድር ቢያብር…»

«ተረቱ ይቆየን ጋሽ ያብስራ» አለች ማክዳ። «መጀመሪያ ግድግዳዎን ያምጡ።»

ሽማግሌው ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ ዝምታቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ነበር። ከዚያ ማክዳ ሄደች፣ እየተነጫነጨች። ከዚያ ሌሎቹ። ያልሰጠም አለ፤ በሩን ዘግቶ የገባ። ማንም ምንም አላለውም።

የስንብቱ ወጣት ነገሩ ሲገባው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ እኮ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። ማውረድ አይፈቀድም።»

ኤልዳና ጎንበስ ብላ ጠርዝ እያጠበች ነበር፤ ቀና አለች። «ጋራውስ የማን ንብረት ነበር፣ ልጄ?»

ወጣቱ በልጅነቱ ያንን ጋራ አይቶት እንደሆነ እንጃ። ወደ መኪናው ተመልሶ ዳሶቹ መካከል ተቀመጠ።

ባለፈው ክረምት ያጠቡት ሴቶች ናቸው ዛሬም ያጠቡት። በዚያው ገንዳ፣ በዚያው እጅ። ያኔ ያበላሹበትን ሥራ አሁን ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዷ ገላጋዩ እስኪለቅ ታለቀልቃለች፤ ሁለቱ ጠርዙን በጠርዙ ላይ ያሳርፋሉ፤ ኤልዳና በመዳፏ ጫን እያለች ታልፋለች። የተጫነው ቦታ ጥብቅ ይልና መጋጠሚያው ይጠፋል። ጣሪያው ሲሞላ ጉልማሶቹ በአራት ምሰሶ ላይ አነሡት። ለጎን የሚሆን አልተረፈም፤ ጎን ለጎኑ ክፍት ሆኖ ቀረ። ኤልዳና አንጋጣ አየችው። የማን ግድግዳ የት ጋ እንዳለ መለየት አልቻለችም።

ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ድንኳኑ ቆሟል። የስንብቱ ወጣት ዙሪያውን ዞሮ ፎቶ አነሣ፣ ደንቡን በስልኩ አነበበ፣ እንደገና አነበበ። ደንቡ ድንኳን ይላል እንጂ ከምን የተሠራ አይልም። ዳሶቹን መልሶ ይጭን ጀመር።

ሶልያናን ደግፈው አስገቧት። የተጋጠመው ጣሪያ ሥር ስትደርስ ቆመች። ከነጋ የደረቀው ዓይኗ ዙሪያውን አየ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ያኔ «ኪሩዬ!» ብላ ጮኸች። የጮኸችው ያን ሌሊት ግድግዳ የመለሰባትን ጩኸት ይመስላል፤ ካቋረጠችበት ነው የቀጠለችው። ድምፅዋ በድንኳኑ ጎን ወጣ፣ ግድግዳ በሌላቸው ቤቶች ሁሉ ገባ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ኩታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በራቸውን የዘጉት ሰዎች እንኳ ጣሪያ ለጣሪያ የመጣውን ለመስማት ደጅ ወጡ። የማክዳ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመቷ ይሆናል፣ ከሌላ ቤት የመጣ ለቅሶ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። የአያቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማዬ፣ ምን ተሰበረ?»

ማክዳ ብድግ አደረገቻትና አቀፈቻት። የስንብቱ ወጣት የመጨረሻውን ዳስ ይዞ በመኪናው በር ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

ጋሽ ኪሩቤል እንደ ቃላቸው ተለቀሰላቸው። ሣልስት ወጣ። ድንኳኑ ገላጋይ ተነስንሶበት፣ ውኃ ሳይነካው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ተወልውሎ ታጠፈ። ሴቶቹ ሲወለውሉ እጃቸው ወደ ገንዳው እያለ ነበር፤ ኤልዳና ቆማ ጠበቀቻቸው። አዲሱ ድንኳን በድሮው ሙዳይ ገባ። ባቄላዋን ዘነበች ወስዳ አንድ ገንዳ ጥግ ዘፈዘፈቻት።

ከወር በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ዝምታ አመጣ፤ በነጻ፣ የወረደውንም ይቅር ብሎ። ሰው ሁሉ ወሰደ። ማክዳ በማግስቱ ወጠረችው፤ ባሏ ነው የለመናት ይባላል። ጋሽ ያብስራም ወጠሩት፣ የጎረቤት ሳል አላስተኛ ብሏቸው። ሰፈሩ በከፊል ዝም አለ፣ በከፊል አላለም። የኤልዳና ድርሻ ግን ከነገላጋዩ እንደተጠቀለለ ከበሯ ኋላ ቆሟል። በእሷና በሶልያና አልጋ መካከል አንድ የአበባ መጋረጃ ብቻ ተሰቅሏል።

እንቅልፏ እንደ ድሮው አይደለም። የሶልያና ሳል ይቀሰቅሳታል፣ የሶልያና አልጋ ሲንቋቋ ይቀሰቅሳታል። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ያብጣል፤ ወገቧን ያማታል፤ አንዳንዴ «ወይ ዝምታዬ!» ብላ ታማርራለች። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በመጋረጃው በኩል ስሟ ተጠራ። ጩኸት አልነበረም፤ ሰው ክፍል ውስጥ ላለ ሰው የሚያወራበት ድምፅ ነው።

«ኤልዱ?»

«ወዬ፣ ሶሊ። ምን ሆንሽ? ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።» የሶልያና አልጋ ተንቋቋ። «እንድትመልሺልኝ ብዬ ነው።»

ኤልዳና ተነሥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃውን በእጇ ገለጥ አድርጋ «አለሁ» አለቻት።